የምስማሬ ዕርቅ

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥቅምት በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ከገላን ኮንዶሚኒየም ጣራዎች ገና አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላ ሳለ፣ በቃሊቲ አውራ ጎዳና የከባድ መኪኖች ሰልፍ እንደ ወትሮው ተዘርግቶ ነበር፤ ግማሹ ወደ ወደብ ሊወርድ፣ ግማሹ ከወደብ ያመጣውን ሊያራግፍ፣ ሦስተኛው ግማሽ ደግሞ ከፊቱ ያለው ስለቆመ ብቻ ቆሞ። ከዚሁ ሰልፍ ዳር፣ «ሀይረዲን ሸራና ገመድ» ከሚለው ሰሌዳ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ አንድ መንግሥት ይመሠረት ነበር። በምሥረታው በዓል ላይ ሁለት ሰው፣ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ተገኝተዋል።

መሥራቹ ከሊል ሀይረዲን ይባላል። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው፤ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ፣ ስድስት ዓመት የሌላ ሰው ሕንፃ ሲቆጣጠር ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከስድስተኛው ፎቅ ላይ ቁልቁል ሲያይ «እኔ እኮ ይህን አልነበረም የምፈልገው» ብሎ በደረጃው ወርዶ የቀረ። በዚያች ዕለት ታሪክን በሥዕል የሚተርክ መጽሔት የሚያወጣውን «ሸራ አሳታሚ»ን አቋቋመ፤ ራሱንም ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ዋና አዘጋጅ፣ ዋና ደራሲና ዋና ተሸካሚ አድርጎ ሾመ። ከአራቱ ሹመቶች እስከ መጨረሻው ያልተሻረው አራተኛው ብቻ ነው።

መጋዘኑን የፈቀዱለት አባቱ ሐጂ ሀይረዲን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ሸራ ሲያለብሱ የኖሩ፣ ጅቡቲ የደረሰ ሾፌር ሁሉ በገመድ ቋጠሯቸው የሚምልላቸው የተከበሩ ነጋዴ ነበሩ። የሙከራ ገጹን መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ መልሰው አድርገውም አዩት።

«ከጭንቅላታቸው በላይ ያለው ይሄ ነጭ ነገር ምንድነው?»

«ንግግራቸው ነው አባ።»

«እኔ ደግሞ ጭስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።» ገጹን አጥፈው መለሱለት። «በል ስማ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ያንተ ነው። ከዚያ በኋላ ክረምት ነው፤ ክረምት ማለት ደግሞ ሸራ ነው። በራሱ ከቆመልህ ሌላ ቤት እፈልግልሃለሁ፤ ካልቆመ ሐምሌ አንድ መጋዘኑ ወደ ሸራው፣ አንተም ወደ ገመዱ።»

ከሊል ምን ማለታቸው እንደሆነ ያውቃል። ከገመዱ መደርደሪያ ኋላ፣ አባቱ የተመረቀ ዕለት የገዙለት የሚሽከረከር ወንበር ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ከፋብሪካ ያመጣው ፕላስቲክ እንኳ አልተነሣለትም። ወንበሩ አይቸኩልም፤ ይጠብቃል። የከሊል ምኞት ሁሉ ያ ፕላስቲክ ሳይነሣ እንዲኖር ነበር።

ሁለተኛዋ መሥራች ጋዲሴ ናት፤ የገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ በሥነ ጥበብ የተመረቀች ሠዓሊ፣ ከአቃቂ ፀጉር ቤቶች ሰሌዳዎች ግማሹን፣ ከጥርስ ክሊኒኮች ጥርስ ደግሞ ሁሉንም የሣለች። ጠረጴዛዋን ብርሃን በሚገባበት በመስኮቱ ሥር አደረገች፤ ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጀግናቸው «ጎሚስታው» ይባላል። ቀን ቀን በመንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ምስኪን ሲሆን፣ አገር በተቸገረ ጊዜ ግን በአፉ እፍ ብሎ የተሳቢ ጎማ ይነፋል፤ ሲብስም እፍ ብሎ ተሳቢውን ራሱን ያበርራል። የመጀመሪያው ዕትም በጥቅምት መጨረሻ ወጣ፤ ወጣና በየሱቁ ተቀመጠ። ሰው ያነሣዋል፣ ያገላብጠዋል፣ «የልጆች ነው?» ይላል፣ ያስቀምጠዋል። አራት ትልልቅ ጥቅል ወደ መጋዘኑ ተመለሰ፤ ዋና ተሸካሚው ተሸከመው።

መንግሥቱን ከመጀመሪያው ውድቀት ያዳነችው ሐጀራ ናት። ሐጀራ ከማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች ኪዮስክ የጠያቂዎችን ስልክ እየተቀበለች የምታስቀምጥ፣ በቁጥር የምትመልስ፣ ምላሷም እጇም ፈጣን የሆነች ሴት ነበረች።

«አንተ የሐጂ ልጅ» አለችው አንድ ጠዋት፣ ጥቅል ተሸክሞ ሲያልፍ። «ሰዉን አታይም? ስልኩን ለእኔ ከሰጠ በኋላ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ኪሱን ሲዳብስ፣ ጆሮውን ሲያክ ነው የሚውለው። አምጣው እስቲ ያንን የመኪና ተረትህን።»

በእርግጥም በከተማው ውስጥ ሰው ስልክ ሳይዝ የሚሰለፍበት ሥፍራ ያ ብቻ ነበር። በሳምንቱ ጥቅሎቹ ከአንዱ በቀር አለቁ።

በኅዳር ሁለተኛው ዕትም ወጣ፤ በእርሱም ምስማሬ ተወለደ። ጀግና ያለ ባላንጣ እንደማይቆም የተረዳው ከሊል «ሌሊት ሌሊት መንገድ ላይ ምስማር የሚበትን ክፉ ሰው» ብሎ ጻፈ፤ የቀረውን የጋዲሴ እጅ ፈጸመው። ምስማሬ ጠይም፣ ድንቡሽቡሽ፣ ሲቆጣ የግራ ቅንድቡ ብቻ የሚነሣ ነበር፤ በጋ ከክረምት የማይለየውን ጥቁር ጃንጥላ የዘረጋው እንደሆነ ግን ከውስጡ ባለ አሥር ሳንቲሜትር ምስማር እንደ በረዶ ይዘንባል። አንባቢ ጎሚስታውን ወደደ፤ ለምስማሬ ግን አበደለት። ሁለተኛው ዕትም በሾፌሮች ጋቢና አዋሽን ተሻገረ፤ ሦስተኛው በጥር ሲወጣ ሐጀራ ኪዮስክ ደጃፍ ግፊያ ሆነ። በሦስተኛው መጨረሻ ላይ የቃሊቲ ጎማ ሁሉ ተንፍሶ፣ ጎሚስታው ትንፋሹ አልቆ፣ ምስማሬ በአቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሞ፣ «እንግዲህ በምን ትነፋለህ?» ሲል ገጹ ያልቃል። አራተኛው ዕትም ሊወጣ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ቃሊቲ ስለዚያ ድልድይ እንጂ ስለ ሌላ አያወራም ነበር።

ከሊል በእነዚያ ሳምንታት የጀግናውን ትልቅ ሥዕል በመጋዘኑ በር ላይ ሊሰቅል ፈለገ። ለዚህም ምስማር ያስፈልገዋልና መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጋሽ ሻፊ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገባ። ጋሽ ሻፊ የአባቱ የሃያ አምስት ዓመት ጎረቤት፣ ቆርቆሮና ምስማር ነጋዴ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

«ምስማር ፈልጌ ነበር፣ ጋሼ።»

ጋሽ ሻፊ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የግራ ቅንድባቸው፣ የግራው ብቻ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ለመስቀያ ነው» አሉ፣ «ወይስ ለመንገድ?»

ከሊል ቀና ብሎ አየ። ከጋሽ ሻፊ ራስ በላይ፣ በጠራራው የካቲት፣ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ተሰቅሎ ነበር። ይህን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል፤ ዘወትር ከማየቱም የተነሣ ማየቱን ከተወው ብዙ ዘመኑ ነው። ምስማሩን ሳይቀበል ወጣ፤ መንገዱን ሲሻገር ለመኪና ተራ መስጠት እንኳ ረሳ።

«ጋዲሴ፣ ምስማሬ ማነው?»

«ምስማሬ ነዋ።»

«ጃንጥላውን ከየት አመጣሽው?»

«ከጭንቅ...» አለችና ቆመች። ብሩሿን እንደያዘች ቀና አለች። መስኮቱ እዚያው ነበር፤ በመስኮቱ ልክ የጋሽ ሻፊ ደጃፍ፣ በደጃፉ ላይ ጋሽ ሻፊ፣ በእጃቸው ጃንጥላው። «ውይ! ከሊሎ፣ እኔ እኮ አላየኋቸውም። እጄ ነው ያያቸው።»

እነርሱ ኋላ ቀሩ እንጂ ሠፈሩ ከሁለተኛው ዕትም ጀምሮ ያውቅ ነበር። ጎማ የተነፈሰበት ሾፌር ሁሉ መደብራቸው ደጃፍ ቆሞ «ኧረ ጋሽዬ በፈጠረዎ፣ የዛሬን እንኳ ይማሩን!» እያለ ያልፋል። የመንገዱ ጎማ ጠጋኞች ደግሞ ከሩቅ ባርኔጣ ያነሡላቸዋል፤ ገበያ እንደሚያመጣላቸው ባለውለታ። ጋሽ ሻፊ ይህን ሁሉ በቅንድባቸው ብቻ ተቋቋሙት። ያልቻሉት አንዱን ነው። ልጃቸውን ዓሊያን ለመጠየቅ ቀን የቆረጡት የሙሽራው ወገኖች «እስቲ ትንሽ እናጣራ» ብለው ቀኑን አዘገዩት። ወሬው መንገድ ላይ ተዛብቶ ነበርና፣ እነርሱ ካሉበት ከወራቤ ሲደርስ የልጅቷ አባት በምስማር ጉዳይ ይፈለጋል ተብሎ ነው የደረሰው።

የካቲት ሃያ አራት፣ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጫጭ ለብሰው ወደ ሸራ አሳታሚ መጋዘን ገቡ። የፊተኛው አቶ መገርሳ ናቸው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ የጋዲሴ አጎት፣ ከአቃቂ ነባር ቤተ ሰቦች የተወለዱ፣ አንደበታቸው የማይታጠፍ። ሁለተኛው የመቶ አለቃ ጀቤሳ፣ ዘመናቸውን በውትድርና የፈጸሙ። ሦስተኛው ሲገቡ ከሊል ከወንበሩ ተነሣ።

«አባ? ቁልፍ ፈልገው ነው?»

«እኔ ዛሬ አባትህ አይደለሁም» አሉ ሐጂ ሀይረዲን፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ሽማግሌ ነኝ።»

«እሺ፤ ይቀመጡ፣ አረፍ በሉ።»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ መገርሳ በትራቸውን ተደግፈው። «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም። አገር በሙሉ ምክክር ምክክር በሚልበት ዘመን፣ ቴሌቪዥኑም ራዲዮኑም ስለ ዕርቅ በሚያወራበት ዘመን፣ እዚህ እኛ ቀበሌ ሁለት ባላንጣ ድልድይ ላይ ሊተላለቅ ነው መባሉን ሰማን። አላስቻለንም።»

«አባባ፣ እነሱ እኮ ሰዎች አይደሉም፤ ልብ ወለድ ናቸው።»

«እኛስ መቼ ሰው ናቸው አልን? ልብ ወለዱ ከልብ ወለዱ ጋር ይታረቅ ነው ያልነው።»

ከሊል ያለ የሌለ ጥበቡን አወጣ። ጃንጥላውን አነሣለታለሁ አለ። የመቶ አለቃ ጀቤሳ «ታዲያ ዝናብ ይምታው?» አሉ። ቅንድቡን አስተካክላለሁ፣ አገሩን ሞጆ አደርገዋለሁ አለ። አቶ መገርሳ «ሞጆ ዘመድ የለንም ወይ?» ብለው ዘጉት።

«አባባ መገርሳ» አለች ጋዲሴ፣ እንባዋ እየመጣ፣ «ውጊያው እኮ ተሥሎ አልቋል። አሥራ ሁለት ገጽ! እንደዚህ ሥዬ አላውቅም።»

«እስቲ» አሉ የመቶ አለቃ ጀቤሳ ሳያስቡት፤ አሥራ ሁለቱን ገጾች ከጠረጴዛው አንሥተው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «ይሄ አሰላለፍ ስሕተት ነው። ድልድይ ላይ ጀርባህን ለወንዙ ሰጥተህ... አሃ፣ ከታች በኩል ነው ለካ የሚመጣው! ከዚያስ? ከዚያስ ጃንጥላውን...»

ሐጂ ሀይረዲን ጠንከር አድርገው ሳሉ። የመቶ አለቃው ገጾቹን አስቀመጡ፤ ዓይናቸው ግን ሰባተኛው ላይ ቀረ።

«አንተ ልጅ» አሉ ሐጂ፣ አሁንም ወደ ግድግዳው እያዩ፣ «ዓሊያን ትምህርት ቤት እጇን ይዘህ ያደረስካት አንተ ነህ። ሁለት ዓመት።»

ከሊል አባቱን አያቸው። ለመቆም የማይመች ጉልበት እንዳላቸው ያውቃል፤ ሰላት ላይ እንኳ በወንበር ነው የሚሰግዱት። አሁን ግን ግማሽ ሰዓት ቆመዋል፣ ቀኝ ጉልበታቸውም በጀለቢያው ሥር ይንቀጠቀጣል። በአንድ ወገን ሰኔ ሠላሳ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ከቃሊቲ እስከ አዋሽ የሚጠብቅ አንባቢ አለ፤ በሌላው ወገን ይህ ጉልበት።

«እሺ» አለ። «ይታረቁ።»

ሽማግሌዎቹ «ተመስገን»ም «አልሐምዱሊላህ»ም ብለው ተቀመጡ፤ ሁለቱ በሁለቱ ወንበሮች ላይ፣ የመቶ አለቃው የመጀመሪያው ዕትም በቀረው ጥቅል ላይ። ለዚያ ጥቅል የመጀመሪያ ጥቅሙ ነበር።

ግን ዕርቅ ወጉ ብዙ ነው። አቶ መገርሳ ነገሩ ያለ አስታራቂ እንዴት እንደሚፈጸም ጠየቁ፤ ስለዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ይሣሉ ተባለ። ሦስቱም መልካቸው እንዳይዛባ በየተራ እየመጡ በመስኮቱ ብርሃን ተቀመጡላት። ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ቢባል፣ ጥፋተኛው ማነው የሚለው ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ በመጨረሻ የበደለው አሳታሚው ነውና የእርሱ ወገን ይሸከም ተብሎ ሃያ ቶን በትንፋሽ የሚያነሣው ጎሚስታው ድንጋይ እንዲሸከም ተፈረደበት። የመቶ አለቃ ጀቤሳ ድንጋዩ አነሰ ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙ። ሐጂ ሀይረዲን ምንም አልጠየቁም፤ የመጨረሻ ቀን ግን ወደ ጋዲሴ ጠጋ ብለው «ጉልበቴ በጣም ጎብጧል፤ ትንሽ ብታቀኚው» አሏት። አቀናችው።

አራተኛው ዕትም በመጋቢት መጨረሻ ወጣ። ከሃያ አራት ገጾች አሥራ ሰባቱ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሐጀራ ኪዮስክ ደጃፍ ያ ሁሉ ግፊያ ገጹን ገልጦ፣ ድልድዩን ፈልጎ፣ ድንጋይና ጋቢ አግኝቶ ጸጥ አለ። «እና ማን አሸነፈ?» አለ አንድ ሾፌር። አንዲት እናት ብቻ፣ ስንቅ የያዘ ዘንቢል በጉልበቷ መሃል አቁማ፣ ምስማሬ ድንጋዩን ከጎሚስታው ትከሻ የሚያወርድበትን ገጽ አንብባ ጨረሰች፤ ወደ ኋላ መልሳ ደግማ አነበበች፤ ተራዋ ሲጠራም መጽሔቱን አጥፋ በብብቷ ከታ ገባች። ከሊል ይህን ከኪዮስኩ ጥግ አይቷል። በዚያ ዓመት ስለ ሥራው ካየው ሁሉ ደስ ያለው ይህ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም፤ ለማስታወቂያ የሚሆን ነገር አልነበረምና።

ዓሊያ በሚያዝያ ተዳረች። የሙሽራው ወገኖች መጽሔቱን በእጃቸው ይዘው መጥተው «እንዲህ ያለ ይቅር ባይ ሰው ነው ለካ!» አሉ።

የአሳታሚው ሞት ግን ከዚያ ጀመረ። አምስተኛው ዕትም ባላንጣ ያስፈልገዋል፤ ከሠፈሩ የሚወሰድ ባላንጣ ሁሉ ደግሞ አጎት አለው። ከሊል ዘመድ የሌለው ጠላት ቢያስስ ከሰማይ በቀር አላገኘም፤ ስለዚህ ከሌላ ዓለም የመጣ፣ ሦስት ዓይን ያለው፣ ጎማ የሚበላ አውሬ በግንቦት አወረደ። አንባቢዎችም አነበቡና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ጥያቄው ከሐጀራ ደጃፍ እስከ አዳማ አንድ ዓይነት ነበር።

«ሽማግሌ ተልኮበታል?»

«ከሌላ ዓለም ነው እኮ የመጣው!» አለ ከሊል።

«ቢሆንስ? ሰዎቹ አሉ አይደል? ምስማሬን እንኳ ያስታረቁ!»

የመቶ አለቃ ጀቤሳ በበኩላቸው ጋቢያቸውን አጥበው ይጠብቁ ነበር። የሚያስታርቅ ባለበት አገር ውጊያን የሚጠብቅ አንባቢ የለምና፣ ስድስተኛው ዕትም ሳይታተም ሰኔ ሠላሳ ደረሰ። ሐምሌ አንድ ጠዋት ሸራው ገባ። ጋዲሴ ብሩሾቿን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ጥርስና ፀጉሯ ተመለሰች፤ ዋና ተሸካሚው ጠረጴዛውን አወጣ፤ ከዚያም ከገመዱ ኋላ ገብቶ የወንበሩን ፕላስቲክ በጥርሱ ቀዶ አነሣውና ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሀይረዲን የመጋዘኑን መስኮት የሸፈነውን የሸራ ክምር ራሳቸው ጎትተው ዝቅ አደረጉት፤ ብርሃን እንዲገባ።

በነሐሴ አንድ ዝናባማ ቀን ጋሽ ሻፊ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ።

«ሲባጎ ስጠኝ።»

ከሊል ቆረጠላቸው። አልሄዱም።

«ያ ሰውዬ...» አሉ፣ ሲባጎውን በጣታቸው እየጠቀለሉ። «ምስማሬ። ከታረቀ ወዲያ ምን እየሠራ ነው?»

«አርፏል ጋሼ።»

«ማረፍ የሚወድ ሰው አይመስለኝም ነበር።» ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰውን እንደሚፈራ ሰው ግራ ቀኝ አዩ። «ውጊያው ተሥሎ ነበር ይላሉ።»

ከሊል ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ አሥራ ሁለቱን ገጾች አወጣ። ጋሽ ሻፊ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቆመው አንድ ባንድ አነበቡ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ የግራ ቅንድባቸው ተነሣ፣ ስምንተኛው ላይ ወረደ። አሥራ ሁለተኛውን ከጨረሱ በኋላ ጃንጥላቸውን ከጥግ አነሡ፤ ገጹ ላይ እንዳለው አድርገው ያዙት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በሌላ እጃቸው ያዙት።

«እዚህ ጋ መሸነፍ አልነበረብኝም» አሉ። «በግራ ብይዘው ኖሮ አይነካኝም ነበር።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ ከሊል። «አላሰብነውም።»

«ልጆች ናችሁ፤ ታዲያ ከየት ታስቡታላችሁ?» ብለው ሲባጎአቸውን ይዘው ወጡ። መንገዱን ሲሻገሩ ጃንጥላቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ነበር።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፈ የለም። የሸራ አሳታሚ ስም በየትኛውም መዝገብ አይገኝም፤ ጎሚስታውንም፣ በትንፋሹ ካነሣቸው ተሳቢዎች ሁሉ ጋር፣ ሰው ረስቶታል። ነገር ግን በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በመስከረም፣ ከሊል ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ሱቁ ሲመለስ፣ በጋሽ ሻፊ መደብር አቅራቢያ ጎረምሳው ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ምስማሬ ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ።

«ምስማሬ ማነው?» አለች ለሠፈሩ አዲስ የሆነች አንዲት ሴት።

«ድሮ እዚህ ይኖር የነበረ ትልቅ ሽማግሌ ነው» አለ ረዳቱ፣ ምንም ሳይጠራጠር። «ጃንጥላ ይዞ እየዞረ የተጣላ ሰው ያስታርቅ ነበር አሉ።»

ከሊል ሊያርመው ቀና አለ። የታሪኩ ደራሲ እርሱ ነው፤ በመኪናው ውስጥ እውነቱን የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ነው። በመስኮቱ በኩል ጋሽ ሻፊ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ ፀሐይ በሆነበት ጥቁር ጃንጥላቸውን ተደግፈው፣ የቆመውን መኪና ያያሉ።

«ወራጅ» አለ ከሊል፣ ወረደም።